አሰልጣኙ «ና» ብሏል፤ ዩኒቨርሲቲውስ?

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ዳላስ ሃይስኩል የሚማር ወንድ ልጅ ካላችሁ፣ ይህ ነገር ቤታችሁ ባይደርስ ጎረቤት ደርሶ ይሆናል። ልጁ አንድ ማታ ስልኩን ይዞ ከክፍሉ እየሮጠ ይወጣል። ኢንስታግራም ላይ ፎቶውን ለጥፏል። ከሥሩ «ኦፈር በማግኘቴ ተባርኬአለሁ» ይላል። የዩኒቨርሲቲው ስም አዲስ አበባ ያለችው አክስት እንኳ የምታውቀው ነው። እናት እልል ትላለች። አባት ያንን ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋጩበትን የአሜሪካ ጨዋታ «ይሄ ፉትቦል ጭንቅላትህን ያፈርሰዋል» ሲል የከረመውን ረስቶ ዜናውን በዋትሳፕ ለዘመድ አዝማድ መበተን ይጀምራል።

ደስታውን ማደፍረስ አልፈልግም። ግን ኦፈሩን፣ ማለትም «ና ለቡድኔ ተጫወት» የሚለውን ግብዣ፣ የሰጠው አሰልጣኙ ነው። ተማሪ የሚቀበለው ደግሞ ሌላ ቢሮ ነው። ትምህርቱ ጥብቅ በሆነ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ መሃል ብዙ ወራት፣ ብዙ ወረቀት፣ አንዳንዴም ብዙ እንባ አለ። በእኛ ልማድ ብናየው ሰውየው ልጅቷን ወዷታል፤ ሽማግሌ ግን ገና አልላከም፣ አባቷም አልሰሙም።

አገር ቤት ሆኖ ለሚያነብ ነገሩ ግራ ስለሚያጋባ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። እኛ ዘንድ ኳስ ተጫዋች የሚያድገው በክለብ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ማትሪክ ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም። አሜሪካ ግን አንድ ግቢ ውስጥ ከታቸዋለች። የመጀመሪያው የኮሌጅ ፉትቦል ግጥሚያ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1869 በሩትገርስና በፕሪንስተን መካከል ነው፤ ሩትገርስ 6 ለ4 አሸነፈ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ አንድ ልጅ የባለሙያዎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል ለመግባት ሃይስኩል ከጨረሰ ሦስት ዓመት ማለፍ አለበት። ያንን ጊዜ የሚያሳልፈው ኮሌጅ ነው። ስለዚህ ኮሌጆቹ ተጫዋች ፍለጋ አገር ያስሳሉ። ምልመላ፣ በእነሱ አፍ ሪክሩቲንግ፣ የሚባለው ይሄ ነው።

የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ በከፍተኛው ዲቪዥን ለመጫወት ዝቅተኛ የትምህርት መስፈርት አለው። 16 ዋና ዋና የሃይስኩል ኮርሶችን መውሰድ፣ በእነሱም ቢያንስ 2.3 ጂፒኤ (ከ4 የሚታሰብ አማካይ ውጤት) ማምጣት። ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤት ከ2023 ወዲህ በዚህ መስፈርት ውስጥ የለም። ትልልቆቹ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ አሰልጣኙ አጥብቆ የፈለገው ልጅ ይህን ካሟላ ብዙ ጊዜ ነገሩ አለቀ። ሃርቫርድና ስታንፎርድ ግን ከ100 አመልካች 4 ያህሉን ብቻ ነው የሚቀበሉት። 2.3 ይዞ የመጣ ልጅ እንደ አቦሸማኔ ቢሮጥም በር ላይ ይቀራል።

ታዲያ የአትሌቱ በር ጠባብ ነው ማለት ነው? አይደለም። ምናልባት ከሁሉም ሰፊው ነው። ሃርቫርድ በተማሪ አቀባበሉ ተከሶ ጉዳዩ በ2018 ቦስተን ፍርድ ቤት ሲታይ የውስጥ መረጃው አደባባይ ወጣ። በአሰልጣኝ ተመልምለው ካመለከቱት ውስጥ 86 በመቶው ገብተዋል። ከቀረው አመልካች የገባው 6 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ሰምቶ «በቃ ልጄን ፉትቦል አስገባዋለሁ» የሚል ወላጅ ግን ይቸኩላል። ያ 86 በመቶ የተቆጠረው ከተጣራ በኋላ ነው። የማይሆነው ልጅ ማመልከቻ እንኳ ሳይሞላ፣ ሰመር ላይ፣ በአንድ ስልክ ተሰናብቷል። እሱ ቁጥሩ ውስጥ የለም።

ማጣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ፤ የነገሩ ሆድ ዕቃ ይሄ ስለሆነ።

አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንት ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኮሎምቢያ፣ ፔን፣ ብራውን፣ ዳርትማውዝ እና ኮርኔል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ «አካዳሚክ ኢንዴክስ» የሚባል የጋራ ስሌት አላቸው። የልጁ የሃይስኩል ውጤትና የፈተና ነጥቡ ተቀላቅሎ አንድ ቁጥር ይሆናል። የተመለመሉት አትሌቶች አማካይ ቁጥር ከጠቅላላው ተማሪ አማካይ ከተወሰነ ርቀት በላይ መውረድ አይችልም። ሃርቫርድ የሚለካው በሃርቫርድ ተማሪ፣ ኮርኔል የሚለካው በኮርኔል ተማሪ ነው። ስለዚህ አንዱ ጋ ያልሆነ ልጅ ሌላው ጋ ሊሆን ይችላል።

ፉትቦል ላይ ሲደርስ ደንቡ ይበልጥ ይጠብቃል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ በዓመት መመልመል የሚችለው በአማካይ 30 ያህል ተጫዋች ነው። እነሱም በውጤታቸው በእርከን ይከፋፈላሉ። ከታችኛው እርከን የሚገቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኞቹ ከመሃልና ከላይ መምጣት አለባቸው። እንግዲህ አሰልጣኙ ወር እስከ ወር ደሞዙን እንደሚያብቃቃ ሰው ያሰላል። ውጤቱ ዝቅ ያለ፣ ሜዳ ላይ ግን እንደ ግንብ የማይነቃነቅ ልጅ ለማስገባት በሌላ በኩል ሚዛኑን የሚመልስለት ጎበዝ ተማሪ ይፈልጋል። ያ ጎበዝ ተማሪ ጨዋታው መካከለኛ ሊሆን ይችላል። አራት ዓመት ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሊቀመጥም ይችላል። ዲግሪው ግን ያው ዲግሪ ነው።

ለሀበሻ ወላጅ ከዚህ የሚጥም ዜና ያለ አይመስለኝም። «መጀመሪያ ደብተርህን» የምትለው እናት ሳታውቀው ምርጥ የምልመላ አማካሪ ነበረች። አንዳንዱ ልጅ መልማዮች ፍጥነት የሚለኩበትን የ40 ያርድ ሩጫ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ለማፍጠን ዓመት ሙሉ ላብ ያፈሳል። ያንን ጊዜ ከፍሎ ለሒሳብ ቢሰጠው ብዙ በር ይከፈትለት ነበር።

ሂደቱ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። አሰልጣኞች ለፉትቦል ተጫዋች በግል መጻፍ የሚፈቀድላቸው ከአሥራ አንደኛ ክፍል መጀመሪያ አካባቢ ጀምሮ ነው። ቪዲዮውን ያያሉ። ጥብቅ ከሆነው ዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ሁለተኛው መልእክት ግን ስለ ቪዲዮ አይደለም። «ትራንስክሪፕትህን (የሃይስኩል ውጤትህን ወረቀት) ላክልን» ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል አልቆ ጁላይ ሲገባ ደግሞ «ፕሪ-ሪድ» የሚሉት ነገር ይመጣል። አሰልጣኙ የልጁን ውጤት፣ የፈተና ነጥብና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚወስዳቸውን ኮርሶች ይዞ ተማሪ ወደሚቀበለው አድሚሽን ቢሮ ይሄዳል። ቢሮው አይቶ የመጀመሪያ ግምቱን ይነግረዋል። ይሆናል፣ ያስቸግራል፣ ወይም አይሆንም።

ልብ በሉ፣ «ይሆናል» ማለት ተቀብለንሃል ማለት አይደለም። ማመልከቻው፣ ድርሰቱ፣ የአስተማሪ ደብዳቤው ገና ነው። ከዚያም በላይ አሰልጣኙ ልጁን «እደግፈዋለሁ» ብሎ ከሠላሳዎቹ ዝርዝር ውስጥ መጻፍ አለበት። ኦፈር የተባለለት ልጅ ግን ከሠላሳ በብዙ ይበልጣል። ሁሉም እንደማይመጣ አሰልጣኙ ያውቃላ! ለአንድ ቦታ ሦስት አራት ልጅ አጫጭቶ፣ ቀድሞ እሺ ያለውን ይይዛል።

እርግጠኛው ወረቀት የሚመጣው ከኦክቶበር 1 በኋላ ነው። «ላይክሊ ሌተር» ይባላል። የሚጽፈው አድሚሽን ቢሮ ነው። ይዘቱ በአጭሩ «ውጤትህ ካልተንኮታኮተና ጠባይህ ካልተበላሸ ትገባለህ» የሚል ነው። እንደ ቀብድ ቁጠሩት። ከዚህ ደብዳቤ በፊት ያለው ሁሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ቃሉን የሚያጥፈው ደግሞ ሁልጊዜ አሰልጣኙ አይደለም። የ2025ን የሃይስማን ዋንጫ፣ ማለትም የዓመቱን የኮሌጅ ፉትቦል ኮከብ ሽልማት፣ የወሰደው ፈርናንዶ ሜንዶዛ ነው። ማያሚ ሃይስኩል ሲማር ከትልልቆቹ ማንም ብዙ አልፈለገውም። ዬል እገባለሁ ብሎ ቃል ሰጥቶ ነበር። በመጨረሻ ሰዓት ካሊፎርኒያ በርክሌይ መጣለትና ሐሳቡን ቀየረ። በርክሌይ በቢዝነስ ዲግሪውን ጨርሶ ወደ ኢንዲያና ሄደ፤ ዋንጫውንም እዚያ አነሳ። ለሃይስኩል ተጫዋቾች በኮከብ ደረጃ የሚሰጡት ድረ ገጾች ያኔ ስለሱ የጻፉትን ዛሬ ሄዶ ማንበብ ሳቅ ያመጣል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አይቪ ሊግ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ስምንቱ በ1954 የተስማሙበት ነው፤ እስካሁን አልተነካም። ሁለት የብራውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች በ2023 «ይህ ተመካክሮ ዋጋ መወሰን ነው» ብለው ከሰው ነበር፤ ዳኛው በ2024 ክሱን ዘጋው። ስለዚህ ከአይቪ አሰልጣኝ «ኦፈር» ሲመጣ ውስጡ ገንዘብ የለም። ገንዘቡ የሚመጣው በቤተሰቡ ገቢ ተሰልቶ፣ ከሌላው ተማሪ እኩል ነው።

ይሄ ክፉ ዜና ይመስላል። ለብዙዎቻችን ግን አይደለም። ሃርቫርድን ብንወስድ ከ2025–26 ጀምሮ የዓመት ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር ለማይበልጥ ቤተሰቦች፣ የተለመደ ንብረት ካላቸው፣ ትምህርቱም ማደሪያውም ምግቡም ነፃ ነው። እስከ 200,000 ዶላር ለሚያገኙት ደግሞ የትምህርት ክፍያው ነፃ ነው። አባት ኡበር እየነዳ እናት አዛውንት እየጦረች የምታሳድገው ልጅ ከሌላ ቦታ ግማሽ ስኮላርሺፕ ከሚያገኝ ይልቅ እዚህ ያነሰ ሊከፍል ይችላል። ችግሩ መሃል ላይ ያለው ቤተሰብ ነው። ሁለት ሱቅና አንድ የሚከራይ ቤት ያለው ሰው ሂሳቡን ሲያይ ይደነግጣል። ለዚህ ነው የገንዘቡን ግምት ከፕሪ-ሪዱ ጋር አብሮ ቀድሞ መጠየቅ የሚገባው። ይሰጣሉ።

ሌላ ዓይነት ጥብቅ ዩኒቨርሲቲም አለ። ስታንፎርድ፣ ዱክ፣ ኖርዝዌስተርን፣ ቫንደርቢልት፣ ኖተርዳም፣ ራይስ። እነዚህ ሙሉ የስፖርት ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፤ ከግዙፎቹ ጋርም ይጋጠማሉ። ግን ሁለቱን መንገድ አንድ ላይ መሄድ ከባድ ነው። ስታንፎርድ ዘንድ ተመልማዩ እንደማንኛውም ሰው ማመልከቻ ሞልቶ፣ ድርሰት ጽፎ፣ አድሚሽን እስኪቀበለው መጠበቅ አለበት። የአሰልጣኙ ቃል ብቻውን አያስገባም። ሁለቱንም የሚያሟሉ ልጆች ጥቂት ስለሆኑ አሰልጣኞቹ ከአንድ ስቴት አይበቃቸውም። ከቴክሳስም ከጆርጂያም ይለቅማሉ።

ይህ ሲሠራ ያምራል። አሰልጣኙ ጂም ሃርቦ በ2007 ስታንፎርድን ያዘ። በዚያው ዓመት ኃያሉን የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 24 ለ23 አሸነፈ። አቋማሪዎቹ ስታንፎርድ በ41 ነጥብ ይሸነፋል ብለው ነበር። በ2011 መግቢያ ላይ ቡድኑ ቨርጂኒያ ቴክን 40 ለ12 ቀጥቶ ኦሬንጅ ቦውል የተባለውን ትልቅ የዓመት መዝጊያ ጨዋታ ወሰደ። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ፣ አንድሩ ላክ የሥነ ሕንፃ ዲዛይን ተማሪ ነበር። የኤንኤፍኤል ቡድኖች በየዓመቱ አዲስ ተጫዋች በተራ ሲመርጡ ለአንደኛነት የታጨ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ዓመት አዘግይቶ ትምህርቱን ጨረሰ፤ በ2012ም አንደኛ ሆኖ ተመረጠ።

ከዚያ ሕጉ ተቀየረ። በ2018 ትራንስፈር ፖርታል፣ ማለትም ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት መዝገብ፣ ተከፈተ። በ2021 ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ዓመት ሳያባክን ትምህርት ቤት እንዲቀይር ተፈቀደለት። በዚያው ዓመት ጁላይ 1 በስሙና በምስሉ ገንዘብ እንዲያገኝ ተፈቀደ። ሌሎች አሰልጣኞች እንደ ገበያ ቅዳሜ በአንድ ሰሞን ሃያ ተጫዋች ሸምተው ይገባሉ። ስታንፎርድ ያንን አይችልም። ከሌላ ኮሌጅ አዛውሮ የሚቀበለው ተማሪ እጅግ ጥቂት ነው፤ ያመጣውን ክሬዲትም በቀላሉ አይቆጥርለትም። የራሱ ልጆች ግን በተከፈተው በር ይወጣሉ። ማሰሮው ከታች እያፈሰሰ ከላይ የሚጨምርበት የለም። ከ2021 እስከ 2024 አራት ዓመት በተከታታይ ሦስት አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ። በ2024 መጨረሻ ላይ ያንኑ አንድሩ ላክን ጠርተው ዋና ሥራ አስኪያጅ አደረጉት።

ቫንደርቢልት በተቃራኒው ፖርታሉን ተጠቀመበት። ኳርተርባኩ ዲዬጎ ፓቪያ ከሃይስኩል ሲወጣ ማንም ትልቅ ኮሌጅ ዞር ብሎ አላየውም። በሁለት ዓመት ኮሌጅ ጀምሮ፣ በኒው ሜክሲኮ ስቴት አልፎ የቫንደርቢልት ከተማ ናሽቪል ደረሰ። ኦክቶበር 5 ቀን 2024 አንደኛ የነበረውን አላባማን 40 ለ35 አሸነፉ። ተማሪዎቹ የጎሉን ብረት ነቅለው፣ ከተማውን በእግር አቋርጠው ወንዝ ውስጥ ከተቱት። በ2025 ደግሞ ቡድኑ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ የውድድር ዓመት አሥር ጨዋታ አሸነፈ። እኔ ከዚህ የምረዳው ጥብቅነት ብቻውን ቡድን እንደማይገድል ነው። ዩኒቨርሲቲው የትኛውን በር ገርበብ እንደሚያደርግ መወሰን አለበት፤ ስታንፎርድ ለረጅም ጊዜ ያ ውሳኔ አልተዋጠለትም።

ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ በፍርድ ቤት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለአትሌቶቻቸው መክፈል ይችላሉ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። አይቪ ሊግ «አልገባበትም» ብሏል። ማስተርስ ተማሪ እንዲጫወትም አይፈቅድም። ስለዚህ አራት ዓመት ተምሮ የመጫወቻ ዕድሜ የተረፈው የአይቪ ልጅ ዲግሪውን ይዞ ወደ ሚከፈልበት ቦታ ይሄዳል። ብልጥ ነው፣ ምን ይባላል።

ትንንሾቹን በአጭሩ ልለፍ። አምኸርስትና ዊልያምስን የመሳሰሉት ኮሌጆች የስፖርት ገንዘብ የላቸውም፤ አሰልጣኙ ግን ለጥቂት ልጆች ድጋፍ ይሰጣል። ኤምአይቲም ፉትቦል ቡድን አለው፣ እዚያ ግን የአሰልጣኝ ቃል ክብደቱ ቀላል ነው። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሃይስማን አሸናፊ፣ ጄይ በርዋንገርን፣ በ1935 ያወጣ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ በ1939 ፉትቦልን ጭራሽ ዘጋው። በ1969 መልሶ ከፈተው፤ አሁን ያለ ጫጫታ ይጫወታል። ዌስት ፖይንትን የመሳሰሉት ወታደራዊ አካዳሚዎች ነፃ ናቸው፣ ግን ሲመረቁ ቢያንስ አምስት ዓመት በሠራዊቱ ማገልገል አለ። እጩው የአሜሪካ ዜጋ መሆንና ብዙ ጊዜ ከኮንግረስ አባል ጥቆማ ማግኘት አለበት። ግሪን ካርድ አይበቃም። ከልጁ ጋር ህልሙን ከማሳደግ በፊት ይህን ማየት ይሻላል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሰመር ሲመጣ «በፉትቦል ማሰልጠኛ ካምፓችን ላይ እንድትገኝ ጋብዘንሃል» የሚል ኢሜይል ይጎርፋል። አሰልጣኙ ፈርሞበታል። የልጁ ስም በትልቁ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ያ ኢሜይል ለሺዎች የተላከ ነው፤ ካምፑም ይከፈልበታል። ጥሪ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። ልዩነቱን ማወቂያው ቀላል ነው። የምር የፈለገ አሰልጣኝ ይደውላል፣ ትራንስክሪፕት ይጠይቃል፣ የሃይስኩሉን አሰልጣኝ ያነጋግራል።

ወላጅ አሰልጣኙን ጥያቄ መጠየቅ ያፍራል። እኛ አስተማሪ እያከበርን ነው ያደግነው። እነሱ ግን ይጠብቁታል፤ አያስቀይማቸውም። አድሚሽን የልጄን ትራንስክሪፕት አይቶታል? ምን አለ? በእሱ ቦታ ለስንት ልጅ ኦፈር ሰጥታችኋል? ከሚደገፉት ዝርዝር ውስጥ አለ? ደብዳቤው መቼ ይመጣል? አሰልጣኙ እየዞረ ከመለሰ መልሱን ሰጥቷል። ያን ጊዜ ልጁ ሁለት ባላ ይትከል፤ ሌላ አሰልጣኝም ያነጋግር፣ ያለ ፉትቦልም የሚያስገባው ቦታ ያመልክት።

የመጨረሻው ጥያቄ «ጉልበቱ ቢሰበርስ?» ነው። ስኮላርሺፕና ክፍያ በሚሰጡት ዘንድ መልሱ ውሉ ውስጥ ስላለ ከመፈረም በፊት ውሉን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። አይቪ ሊግ ውስጥ ግን ገንዘቡ ከቡድኑ ጋር አልታሰረም። ልጁ ተጎድቶ ሳይሆን ዝም ብሎ ሰልችቶት፣ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ማልያውን ቢመልስ እንኳ ተማሪነቱም ድጋፉም ባለበት ይቀጥላል። አሰልጣኙ ይናደዳል፤ ከመናደድ ውጭ ግን ምንም ማድረግ አይችልም።